ለወንድሜ ሚስት ልዋጭ

አሶሳ ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ የብየዳ ቤት አለኝ። የግቢ በር፣ መስኮት፣ የተሰበረ ጋሪ፣ ሰው ያመጣልኝን ሁሉ እበይዳለሁ። አሮጌ ጫማና ልብስ በፕላስቲክ ሳህን የሚቀይሩ ሰዎች ጠዋት ጠዋት "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያሉ በበሬ ሲያልፉ ፊቴ ይጠቁራል። ደንበኞቼ ከሳህን ጋር ምን ጠብ እንዳለኝ አይገባቸውም። ጠቤ ከሳህኑ ጋር አይደለም። እኔ ራሴ ልዋጭ ሆኜ ነው ያደግኩት።

ሌላም ልማድ አለብኝ። ደንበኛ ሲገባ ቀድሜ ከየት እንደመጣ አያለሁ። ከትውልድ አገሬ ከካማሺ በኩል የመጣ ከመሰለኝ የብየዳ መነጽሬን አላወልቅም፤ ብልጭታውን እያየሁ አናግሬ እሸኘዋለሁ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በወንድነቴ ነው። ኩርፊያ የሚወድ፣ ጺም ያላበቀለ፣ ያላገባ ብየዳ ሠራተኛ ነኝ። "መቼ ነው የምታገባው?" ሲሉኝ "ብረቱ ይበቃኛል" እላለሁ፤ ይስቃሉ። ፈርቼ እንደምኖር አይጠረጥሩም፤ እንዳይጠረጥሩም እየተጠነቀቅኩ እኖራለሁ።

የተወለድኩት ከዳቡስ ወንዝ ማዶ በአንድ የጉሙዝ መንደር ነው። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ሚስት የሚያገባው በጥሎሽ አይደለም። እህቱን ይሰጥና የሌላውን ሰው እህት ይወስዳል። እህት የሌለው የአጎቱን ልጅ ይለምናል፤ እሷም ከሌለች ገንፎውን ራሱ እያገነፋ ያረጃል። የውጭ ሰዎች "ሴት እንደ ዕቃ ይለዋወጣሉ" ይሉናል። በልማዱ ላይ እኔም ብዙ የምለው አለኝ፤ ግን ከባዳ አፍ ስሰማው ደሜ ይፈላል። ልማዱ የራሱ ሚዛን አለው። የእኔን እህት ከመታህ ያንተ እህት እኔ ቤት ናት። አንደኛዋ ጥላ ከተመለሰች ሌላዋም ወደ ወንድሟ ትመለሳለች፤ የወለደች እንደሆነ ልጁን ለአባቱ ትታ ትሄዳለች። ሁለቱ ቤቶች ይህን እያሰቡ ተከባብረው ይኖራሉ።

አባታችን ቀድሞ ስለሞተ የቤቱ አለቃ ወንድሜ ነበር። ማግባት ፈለገ። የአጎቶቻችን ሴት ልጆች ሁሉም ተሰጥተው አልቀዋል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አፈር የምበላ ሕፃን። ሽማግሌዎች ተቀመጡና ተስማሙ። የወንድሜ ሚስት አሁኑኑ ትምጣ፤ እኔ ደግሞ ስደርስ ለሚስቱ ወንድም እሰጣለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ መንደሩ ሁሉ ያወቀውን እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ወንዝ ዳር ከአንዲት ልጅ ጋር ተጣልቼ "አንቺ እኮ የተሰጠሽ ነሽ!" ስትለኝ። እናቴን ስጠይቃት "ታዲያ የወንድምሽ ሚስት ከሰማይ የወረደች መስሎሽ ነው?" አለችኝ። ገንፎዋን ማማሰሏን እንኳ አላቆመችም።

የወንድሜን ሚስት እወዳት ነበር። ረጅም፣ ሳቋ ከማሽላው እርሻ ማዶ የሚሰማ፣ ስትፈጭ የምትዘፍን ሴት ነበረች። ለእኔ እንደ ታላቅ እህት ሆና ነው የያዘችኝ፤ ራሴን ትሠራኛለች፣ እናቴ ስትቆጣ ታስጥለኛለች። እሷ ቤታችን የምትኖረው በእኔ ዋስትና መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ግን ስትስቅ በሰማሁ ቁጥር ተነስቼ ወደ ጓሮ እወጣ ነበር።

ምክንያቱም እኔ ሴት አልነበርኩም። ሰው ሁሉ ያየው ሴት ልጅ ነው፤ ሲያየኝ እንደዚያ ቢል አልፈርድበትም። እኔ የማውቀው ግን ሌላ ነበር። "እንዴት አወቅህ?" የሚለኝ ቢኖር መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ አንተስ ወንድ መሆንህን የምታውቀው ጠዋት ጠዋት አካልህን እየፈተሽክ ነው? ዓይንህን ጨፍነህም ታውቀዋለህ። እኔም ዓይኔን ስጨፍን አውቀው ነበር። መከራው ስገልጠው ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ስም አልነበረውም። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ የተፈጠርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለማንም ልነግረው የሚያስችል ቃልም አልነበረኝም።

በልጅነቴ ብዙ አልከፋም። የእኛ ሴቶች ዕቃ የሚሸከሙት ትከሻ ላይ በሚጋደም ዘንግ ነው፤ በሁለቱ ጫፍ ውሃው፣ እንጨቱ፣ አንዳንዴም ሕፃኑ ይንጠለጠላል። ወንዶቹ ቀስት ይይዛሉ። እኔ ዘንጉን ጥዬ በወንድሜ ቀስት እሳብ ነበር። ወንድሜ እየሳቀ አሮጌ ቀስቱን አሳጥሮ ሰጠኝ፤ አነጣጥሮ መወርወርንም አስተማረኝ። አይጥ ገድዬ ስመለስ "ይህቺ ለባሏ አድና ታበላዋለች!" እያሉ ሽማግሌዎቹ ይስቁብኝ ነበር። እናቴም "ስታድግ ትተወዋለች" ትላለች። እነሱ የሚጠብቁት ማደጌን ነበር። እኔም የምፈራው ያንኑ ነበር።

ሰውዬው፣ የወንድሜ ሚስት ወንድም፣ በየዓመቱ ማሽላው ሲሰበሰብ ይመጣል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ማር ይዞ ይመጣል፣ የእናቴን ጤና ይጠይቃል፣ እህቱን ያጫውታል። ከዚያ ከሾላው ሥር ይቀመጥና እኔን ያየኛል። የሚያየኝ እርሻውን እንደሚያይ፣ ፍሬው ጠንክሯል ወይስ ገና ነው እንደሚል ገበሬ ነው። ሊሄድ ሲል እናቴን "ደረሰች?" ይላታል። እናቴ "ገና ናት" ትላለች። "ገና" የሚለውን ቃል የእኔን ያህል የወደደ ሰው ያለ አይመስለኝም። በየዓመቱ አንድ "ገና" ይሰጠኛል፤ እሷን ይዤ እስከሚቀጥለው አጨዳ እኖራለሁ።

ሰውነቴ ግን ሳያማክረኝ ለሰውዬው ይሠራለት ጀመር። ደረቴ ላይ ሲጀምር የጆንያ ቁራጭ ቀድጄ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። ከሴቶቹ ጋር ወንዝ መውረድ ተውኩ። እጄ ሳላስበው ደረቴን ሲነካው የሌላ ሰው አካል የነካሁ ያህል እደነግጥ ነበር። ልጃገረዶቹ በዚያ ጊዜ ያፍራሉ፣ ይሽኮረመማሉ፤ አይቻለሁ። የእኔ እፍረት አልነበረም። ቤትህ ውስጥ የማታውቀው ሰው ገብቶ ጓዙን ሲያራግፍ፣ አንተም ዝም ብለህ ቆመህ ስታይ የሚሰማህ ዓይነት ፍርሃት ነው። ማስወጣት አትችል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደግሞ "እንኳን ደስ አለህ" ይልሃል።

በእኛ ቤቶች ጓሮ ከቀርከሃና ከሣር የተሠራች ትንሽ ጎጆ አለች። ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ እዚያ ትቆያለች። የቤቱን ማሰሮ አትነካም፣ እሳቱ ዘንድ አትቀርብም። ደንቡን ጥሳ ቤት ውስጥ ከተገኘች አደኑ ይበላሻል፣ ልጅ ይታመማል፣ ቤቱ ላይ መዓት ይመጣል ተብሎ ይታመናል። ልጃገረድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎጆዋ ስትገባ ወሬው ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ ደረሰች ማለት ነው። ለእኔ ያቺ ጎጆ መቃብር ነበረች።

ማሽላውን ከወፍ ስጠብቅ ደሙ መጣብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ከመንደሩ ታች ወርጄ ታጠብኩ፣ ጨርቁን ድንጋይ መሃል አደረቅኩ፣ ማታ እቤት ገብቼ ከእናቴ ጋር ከአንድ ገበታ በላሁ። በየወሩም እንዲሁ አደረግሁ። ንስሐ የምትጠብቁ ካላችሁ አትልፉ፤ ዛሬም ቢሆን እደብቀዋለሁ።

ዝናቡ ሳያቆም የወንድሜ ልጅ ታመመ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያገኙት፣ ገና በእንብርክክ የሚሄድ ሕፃን ነው፤ ትኩሳቱ እንደ ፍም ያቃጥላል። በዚያው ሰሞን ወንድሜም ከአደን ባዶ እጁን ተመልሶ ነበር። ወባ መሆኑን ማንም አይስተውም፤ በዚያ ወቅት ያልታመመ ቤት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ግን የሁለቱን ነገር አብሮ መምጣት አልወደዱትም። መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙና "ከዚህ ቤት ደንብ የጣሰ አለ" አሉ። የቤቱ ሴቶች ሦስት ነን። እናቴ አርጅታለች። እኔ "ገና" ነኝ። የቀረችው የወንድሜ ሚስት ብቻ ናት።

እሷ ደግሞ እንዳልጣሰች ታውቃለች። እናቴም እንዳልሆነች ታውቃለች። ሕፃኑን እንደታቀፈች ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗን ካየሁት በኋላ መሬቱን ማየት ጀመርኩ። "ማናችሁ?" አሉ ሽማግሌው። "እኔ ነኝ" አለች። ሰደቧት፤ እናቴ ደረቷን መታች። ዶሮ ታርዶ ደሙ በቤቱ ዙሪያ ተረጨ። ወንድሜ በበኩሉ ሕፃኑን ጤና ኬላ ወስዶ ኪኒን አሰጠው። ልጁ ተሻለው፤ ምስጋናውን ዶሮዋና ኪኒኑ ተካፈሉት።

ወንዝ ዳር ብቻችንን ሆነን ክንዴን ጨብጣ "ለምንድን ነው የምትደብቂው?" አለችኝ። "ወንድሜን ፈርተሽ ነው? አይመታሽም። ብትፈልጊ እኔ አናግረዋለሁ።"

"እሱን አይደለም።"

"ሌላ ሰው ወደሽ ነው?"

"ማንንም አልወደድኩም። እኔ... ውስጤ እንደ ባልሽ ነው። እንደ ወንድሜ። የማንም ሚስት መሆን አልችልም፤ ሴት አይደለሁም።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩት። ይስቁብኛል ብዬ ስንት ጊዜ ፈርቼ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። ነገሩ ገባት አልገባት አላውቅም፤ ምን እንደሚያስከትል ግን ከእኔ ቀድማ ገባት። ጀርባዋ ላይ የተኛውን ልጅ በእጇ ዳበሰችው።

"ይህን ሁለተኛ አትናገሪው" አለችኝ። "ከተናገርሽው እኔ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። እሱ ደግሞ እዚህ ይቀራል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም በአንዲት "ገና" ተንጠልጥለን ኖርን። ጨርቄን ትደብቅልኛለች፣ እናቴ ስትጠረጥር ወሬውን ትለውጥልኛለች። ለእኔ አዝና ነው ልበል? አዝናለች። ለራሷም ነው። ሳቋ ግን ቀነሰ፤ እየፈጨች መዝፈኗንም ተወች።

ሰውዬው በሚቀጥለው አጨዳ ሲመጣ ከሾላው ሥር አልተቀመጠም። ቆሞ ነው የተናገረው። እናቴንም "ደረሰች?" አላላትም። "እኩዮቿ ወልደዋል" አለ። "እኔም ሽበት እያበቀልኩ ነው። በመጪው አጨዳ ወይ እሷን እወስዳለሁ፣ ወይ እህቴን ይዤ እሄዳለሁ።" ማሩን ሰጥቶን ሄደ። ወንድሜ ማሩን ሳይቀምስ ጥግ ላይ አስቀመጠው፤ ጉንዳን ወረሰው።

ምግብ መብላት የተውኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሲከሳ ደሙ እንደሚቀር በራሴ አየሁት፤ ሌላ ጉልበት አልነበረኝምና ይህን ያዝኩ። እናቴ ገንፎ ስታቀርብልኝ "በላሁ" እላለሁ፣ ለውሻ እሰጣለሁ። ጉንጬ ገባ፣ የውሃው ዘንግ ከበደኝ። መንደሩ "መንፈስ ይዟታል" አለ፤ ሌላው "አስደግመውባታል" አለ። አንድ ቀን እርሻ መሃል ወደቅኩ። ወንድሜ በሞተር ሳይክል አፈናጥጦ መኪና መንገድ አደረሰኝ፤ በባምባሲ በኩል ዞረን አሶሳ ገባን። መንገዱን ሙሉ ራሴን በክንዱ ደግፎ ይዞኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ደሜን አዩ፣ ሆዴን አዩ፤ ከረሃብ በቀር ምንም አላገኙም። በመጨረሻ የአእምሮ ጤና ወደሚባል ክፍል ላኩኝ። እብድ ነሽ ሊሉኝ ነው ብዬ ገባሁ። ነርሱ የበርታ ብሔር ሰው ነው፤ የአሶሳ ልጅ። እንደ እኔው አማርኛን ትምህርት ቤት የለመደ፣ አንተንና አንቺን እያምታታ የሚናገር ሰው። በሩን ዘጋ። ወንበሩን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥቶ አጠገቤ አደረገው።

"ምግብ ጠላትህ አይደለም" አለኝ። "ማንን ነው የምትፈራው፣ ንገረኝ።"

ነገርኩት፤ ሁለተኛ ሰው መሆኑ ነው። ስለ ልውውጡም፣ ስለ ጎጆዋም፣ ስለ ጆንያው ቁራጭም።  ስጨርስ በግንባሩ ላይ ያለውን ላብ ጠረገ።

"ወላሂ፣ ኮሌጅ ተምረነዋል፤ ሰው መጥቶ ሲነግረኝ ግን አንተ የመጀመሪያ ነህ። ምናልባት ሌሎች መጥቶ ሳይነግሩኝ ሄዷል።" ከዚያ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው አስረዳኝ። "ስማ። ሰው አካል አለው። ደግሞ ውስጡ 'እኔ ወንድ ነኝ፣ እኔ ሴት ነኝ' የሚል ማወቅ አለው። ብዙ ሰው ሁለቱ አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ አያስበውም። አንዳንድ ሰው አይገጥምም። አለመግጠሙ እብደት አይደለም፣ ጂኒ አይደለም፣ ጥፋት አይደለም። ግን ከዚያ ጭንቀት ይመጣል። ገላህን ስታይ፣ ሰው ሲጠራህ፣ ልብስ ስትለብስ፣ ሁልጊዜ ያምሃል። እንቅልፍ ይከለክላል፣ ምግብ ይከለክላል። ዝም ካልነው ይገድላል። ስም አለው፤ የጾታ አለመጣጣም ጭንቀት ይባላል።"

ስም አለው። አለቀስኩ፤ ደስታ ይሁን ሐዘን አልለየሁትም። ስም ካለው እንግዲህ ሌላም ያየው ሰው አለ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የራበኝ ያኔ ነው።

ነርሱ ግን ደስታዬን ብዙ አላስቆየውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከዚህ በር ውጭ ይህን አታውራ" አለኝ። "ሕጉን ብትል፣ ሰውን ብትል፣ ሃይማኖቱን ብትል፣ አይረዳህም። ሰው ይጎዳሃል። እኔም እዚህ ያወራነውን ለማንም አልናገርም። አብሮህ የመጣ ማን ነው?"

"ወንድሜ።"

"ያውቃል?"

"አያውቅም። አንተ ንገረው። እኔ አልችልም።"

ወንድሜ ገብቶ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ነርሱ ለእኔ የነገረኝን ለእሱም ነገረው፤ ቀስ እያለ፣ እየደገመ። ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ ሰማ። "መድኃኒት አለው?" ብሎ ጠየቀ። "ለእንቅልፉ እሰጣለሁ። ውስጡን የሚቀይር መድኃኒት የለም" አለው። "ማን አስተማራት? ስልክ ነው?" "ማንም አላስተማረውም።" ወንድሜ ባርኔጣውን አገላበጠ። "ብትዳርስ? ስትወልድ አይለቃትም?"

"ያንን ፈርቶ ነው ምግብ የተወው" አለ ነርሱ። "ከዳራችሁት በኋላ ምን ይተዋል? እኔ የምፈራው ይህንን ነው።"

ስንመለስ ባምባሲ ላይ መኪናው ቆመ። ወንድሜ ሻይና ዳቦ ገዛልኝና ስበላ አየኝ። ዳቦውን ስጨርስ ሌላ ገዛልኝ። ከዚያ "ቀስቴን ስትለምኚኝ፣ ያኔም እንዲህ ነበር?" አለኝ።

"ያኔም።"

"እኔ እኮ ቀስቱን ስለምትወጂ ነው ያልኩት።" ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ። ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ፣ "ያቺ ልጅስ ምን ይውጣት ይሆን?" አለ። የሚስቱን ነገር ነው። 

 ከዚያ በኋላ ወንድሜ ጓሮ ብቻውን ይቀመጥ ጀመር። ሚስቱ ምግብ ስታቀርብለት ቀና ብሎ አያያትም። እኔ መብላት ጀመርኩ፤ እናቴ "ነርሱ ፈወሳት" ብላ መንደሩን አዳረሰች፣ በደስታ የሠርጌን ጨሌ ትሰካ ጀመር። ማሽላው ቀላ፤ ከዚያ ታጨደ። እህሉ ወደ ጎተራ ሲገባ እኔና የወንድሜ ሚስት አብረን ተሸከምን። ልሽሽ ብዬ አስቤ ነበር። ከሸሸሁ ያሳድዱኛል፤ ካገኙኝ ይወስዱኛል፤ ካላገኙኝ ደም ይፈሳል።

መጡ። ሰውዬው ዘመዶቹን አስከትሎ ነበር። ቀስት መያዛቸው ልማድ ነው፤ ማር አለመያዛቸውን ግን ሁላችንም አየን። ሾላው ሥር ተቀመጡ፤ የእኛ ሽማግሌዎችም መጡ። የማሽላ መጠጡ ቦርዴ ቀረበላቸው፤ አንዳቸውም አልነኩትም። እናቴ ጨሌውን በአንገቴ ላይ አንድ በአንድ አሰረችልኝ። ደስ ብሏት ታንጎራጉር ነበር። "አምሮብሻል" አለችኝ። የጨሌው ክብደት አንገቴን ወደ ታች ሳበው። ደጃፍ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

የሰውዬው አጎት ወንድሜን "እህትህን አምጣ" አለው።

ወንድሜ የሚለውን ሳስብ ነበር የሰነበትኩት። "ታማለች" ቢል አንድ ዓመት ይጨመርልኝ ይሆናል። "እሺ" ቢል ያልቃል፤ ቤቱ ይቆምለታል፣ ልጁ እናቱ ጋር ያድጋል። "እሺ" ቢል ልፈርድበት እንደማልችል ለራሴ ነግሬዋለሁ።

ወንድሜ ተነሳ። "እህት የለኝም" አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ "ጠጥቷል" አለ። "አልጠጣሁም" አለና ወደ እኔ መጣ። ጨሌውን ከአንገቴ ፈታ፤ የጠበቀውን በጥርሱ በጠሰው። ጨሌው መሬት ላይ ሲበተን ዶሮዎቹ ሮጠው መጡ። "ይህ ወንድሜ ነው" አለ። "ልጅ ሆነን አላወቅኩም። አሁን አውቄአለሁ። የማይሰጥ ሰው ልሰጣችሁ አልችልም።"

ከዘመዶቹ አንዱ ሳቀና ሳቁን ሳይጨርሰው ተወው። ሌላው እጁ ወደ ቀስቱ ሄደ። እናቴ ኡኡታ ለቀቀች። የእኛ ሽማግሌ ልማዱ የሚለውን ተናገረ፦ "በሽማግሌ ፊት እህት የለኝም ያለ ሰው ልዋጭ የለውም። ልዋጭ የሌለው የወሰደውን ይመልሳል።" ሰውዬው እኔን ለመጨረሻ ጊዜ አየኝ። ጥላቻ አላየሁበትም፤ ግራ የተጋባ ሰው ፊት ነው። እኔ ላይ የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም፤ እህት ያልሆነ ሰው አይወሰድም። ወንድሜ በአንድ ቃል እኔን አዳነኝ፤ በዚያው ቃል ቤቱን አፈረሰ። ሁለቱንም አውቆ ነው ያደረገው።

የወንድሜ ሚስት ደጃፍ ላይ ልጁን በወገቧ ታቅፋ ቆማ ነበር። እሷን የጠየቃት የለም። ወደ ውስጥ ገባች፤ ማልቀሷን ስጠብቅ የዕቃ ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ወጥታ ልጁን ለወንድሜ አቀበለችው። ልጁ ጨዋታ መስሎት የአባቱን ጆሮ ያዘ።

"አንተ ወንድም አገኘህ" አለችው። "እኔስ ምን አገኘሁ?"

ወንድሜ ልጁን ወደ ደረቱ አስጠጋው። እኔ "ይቅር በይኝ" ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ለምኑ? ስለተፈጠርኩ? ፊቷን አዞረችና ከወንድሟና ከዘመዶቿ ፊት ፊት ሄደች። ልጁ ማልቀስ የጀመረው ከሾላው አልፋ ሳትዞር ስትቀር ነው።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ውስጥ መቆየት አልቻልኩም። "እነሱ ባይነኩህ የራሳችን ሰዎች አይተዉህም፤ መዓት አመጣብን እያሉ ነው" አለኝ ወንድሜ። አሶሳ መጥቼ ብየዳ ተማርኩ። ነርሱን አልፎ አልፎ አገኘዋለሁ፤ መንገድ ላይ ስንተላለፍ እንደማንተዋወቅ ሆነን እናልፋለን፣ ክፍሉ ውስጥ ግን በስሜ ይጠራኛል። ጭንቀቱ አለቀ አልልም። ገላዬን ስታጠብ ዛሬም መስታወት የለኝም። ግን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ጠዋት በሬን ስከፍት የምከፍተው እኔ ነኝ።

ወንድሜ ሳያገባ ቀረ። ባለፈው በጋ ዘይትና ጨው ሊገዛ መጥቶ ከእኔ ጋር አደረ። የማላውቀውን ወሬ ነገረኝ። እሷን ወንድሟ ለሌላ ሰው ሰጥቶ በምትኳ አግብቷል። የአዲሱ ባሏ መንደር ከወንዛችን ማዶ ነው።

"ልጁን አይታው ታውቃለች?" አልኩት።

"ውሃው ሲጎድል ማዶ ትመጣለች። ቆማ ታየዋለች። አትሻገርም።" ወንድሜ ጣቶቹን ያያል። "ባለፈው 'አባዬ፣ ያቺ ሴትዮ ማን ናት?' አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"መንገደኛ ናት አልኩት።"